የዓድዋ ጦር በሳጥን፦ ጠመንጃው ልክ ነው፣ ስንቁ የለም

ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ይህ የዓድዋ አሻንጉሊት ወታደሮች ሳጥን የጣሊያን ወታደር ለሚፈልግ ሰብሳቢ ግሩም ነው። የእኛን ሰዎች ለሚፈልግ ግን ግማሹ ሥራ ገና አልተሠራም። ያን ግማሽ የሚሠራው ገዢው ነው። ቢላና ብሩሽ መያዝ የምትወዱ ግዙት። ከሳጥን አውጥታችሁ መደርደሪያ ላይ ልትደረድሩ ካሰባችሁ ግን ብራችሁን ያዙ።

ዕቃው እንዲህ ነው። የዓድዋ ጦርነት አሻንጉሊት ወታደሮች፣ በቁጥር 40፣ ቁመታቸው 54 ሚሊሜትር። ይህ ቁመት በሰብሳቢዎች ዘንድ የቆየ ልክ ነው። ብሪተንስ የተባለው የእንግሊዝ አምራች የእርሳስ ወታደሮቹን የሚሠራው በዚሁ ልክ ነበር። ይሄኛው ግን እርሳስ ሳይሆን ሬዚን የሚባል ፕላስቲክ መሳይ ነገር ነው። ቀለም አልተቀባም፣ ከላይ እስከ ታች ግራጫ ነው። 22ቱ የእኛ ሰዎች፣ 10ሩ ጣሊያኖች፣ 8ቱ አስካሪዎች፣ ማለትም ለጣሊያን የተሰለፉ የኤርትራ ወታደሮች ናቸው። 5 ፈረስ፣ 2 መድፍና 1 ባንዲራ አብሮ አለ። ዋጋው 165 ዩሮ። አክስቴ ከፍራንክፈርት ስትመጣ በሹራብ ጠቅልላ አመጣችልኝ። የአምራቹን ስም አልጠራም። ትንሽ ቤት ነው፣ በእኔ ትችት ገበያው እንዲቀዘቅዝበት አልፈልግም።

እኔ በሙያዬ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ የታካሚውን የአፍ ልክ ይልክልኛል፣ እኔ ላብራቶሪ ቁጭ ብዬ ጥርሱን እሠራለሁ። ሰም እቀርጻለሁ፣ ጄሶ አፈሳለሁ፣ አክሪሊክ እሞርዳለሁ። ስለዚህ ሬዚን ሳይ ጥሩውን ከመጥፎው እለያለሁ፤ ትንሽ ነገር ላይ ለረጅም ሰዓት ማፍጠጥም አይሰለቸኝም። አሻንጉሊት ወታደር መሰብሰብ የጀመርኩት በዚሁ ሰበብ ነው። ማታ ማታ የቀረ ሰም እጄ ላይ ይተርፍ ነበር።

ከጣሊያኖቹ እንጀምር፣ ምስጋናው እዚያ ስለሚበዛ።

የጣሊያኑ እግረኛ የፀሐይ ቆብ አድርጓል፣ ልብሱ ሰፋ ያለ የሞቃት አገር ልብስ ነው። ይህን ማንም ይሠራዋል። እኔን ያስደሰተኝ ጠመንጃው ነው። ዓድዋ ላይ የዘመተው ጣሊያን በብዛት የያዘው ቬተርሊ የሚባለውን የቆየ ጠመንጃ ነበር። አገሩ ውስጥ 1891 ሞዴል የሚባል አዲስ ጠመንጃ መሥራት ከተጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር። ሰነፍ አምራች ቢሆን አዲሱን ያስይዛቸው ነበር፣ ምክንያቱም በኋላ በ1928 ዓ.ም. የመጣው ጣሊያን የሚታወቀው በእሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ቬተርሊውን በትክክል ሠርተውታል። አፈሙዙ፣ ማንገቻው፣ ጥይት መቀርቀሪያው ሁሉ አለ። በማጉያ መነጽር አየሁት።

መድፎቹም ጥሩ ናቸው። አንዱ የጣሊያን የተራራ መድፍ ነው፣ ተፈታትቶ በበቅሎ የሚጫን ዓይነት። ጣሊያን ዓድዋ ላይ 56 መድፍ ይዞ ገብቶ በእኛ እጅ ጥሎት ነው የሄደው። ሁለተኛው የእኛ ነው፣ ሆችኪስ የሚባለው ቶሎ ቶሎ የሚተኩስ መድፍ። ባልቻ አባ ነፍሶን ለመሥራት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። መድፈኞቹ ግን በሳጥኑ ውስጥ የሉም። መድፉ ብቻውን ቆሟል።

አስካሪዎቹ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ልብሳቸው በደንብ ተጠንቷል። ረጅም ቀይ ቆብ፣ ከላዩ ላይ ዘርፍ፣ ወገባቸው ላይ ሰፊ መቀነት። መቀነቱና ዘርፉ በየሻለቃው የተለያየ ቀለም ነበረው። አምራቹ ይህን አውቆ የቀለም መምሪያ ወረቀት ጨምሯል። ይመስገን። ከዚያ ግን ያው ወረቀት የቆዳ ቀለም ላይ ሲደርስ ይሳሳታል። ለአስካሪዎቹ በጣም ጥቁር ቀለም ያዛል፣ ለእኛ ሰዎች ቀላ ያለ ቡናማ። ለምን? አስካሪ ማለት እኮ በብዛት ከመረብ ማዶ ያለ ያው ደገኛ ነው። ከራስ አሉላ ሰዎች ጋር ቋንቋው አንድ፣ ጾሙ አንድ። አንዳንዱ ከጥቂት ዓመት በፊት በዚያው በአሉላ ሥር የነበረ ሊሆን ይችላል። ዓድዋ ላይ ሁለቱን የሚለያቸው ልብሱ እንጂ ፊቱ አይደለም። የጦርነቱ መራራ ገጽታ አንዱ ይሄ ነው። ወረቀቱ ደግሞ በቀለም ቆርቆሮ ለያይቶ ገላገላቸው። እኔ ሁሉንም ከአንድ ብልቃጥ ቀባኋቸው።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች።

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ጎፈር ነው። ከ16 እግረኛ 12ቱ ጎፈር አጥልቀዋል። እንዴት ነው ነገሩ? አገሩ ውስጥ አንበሳ ተርፎ ያውቃል? ጎፈር የጀግና ማዕረግ ነው። አንበሳ የገደለ፣ ግዳይ የጣለ፣ ከጌታው የተሸለመ ሰው ያደርገዋል። ተራው ወታደር ራሱን በሻሽ ያስራል፣ ወይም ጸጉሩን ሹሩባ ይሠራል፣ ወይም እንዲሁ ባዶ ራሱን ይሄዳል። ለምዱም እንደዚያው ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ጦር ሁሉም ደጃዝማች፣ ሁሉም ፊታውራሪ ነው። የሚታዘዝ ሰው የለም።

ይህ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። አምራቹ የዓድዋን ሥዕሎች አይቷል። በእኛ ሥዕል ደግሞ መኳንንቱ ናቸው ከፊት የሚቆሙት፣ በሙሉ ልብሳቸው፣ ስማቸው ከራሳቸው በላይ ተጽፎ። ወገን ሙሉ ፊቱ ይታያል፣ ጠላት በጎኑ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በደመና ውስጥ ይጋልባል። ሥዕሉ የሚነግረን ማን እንደነበረና ማን እንደረዳን ነው። የወታደር ልብስ መዝገብ አይደለም። ቅርጽ አውጪው ግን እንደ ፎቶግራፍ ነው ያነበበው።

ጎራዴው ሁሉ በግራ ወገብ ታጥቋል። የአውሮፓ መኮንን እንዲያ ነው የሚታጠቀው። የእኛ ሰው ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኝ ነው። ድሮ አገራችንን ያዩ ተጓዦች ከደነቃቸው ነገር አንዱ ይሄ ነበር። ይህን ማስተካከል ከባድ አይደለም። ሰገባውን በቀጭን መጋዝ ቆርጣችሁ ወደ ቀኝ ታዞራላችሁ። የቀረውን ቁስል በሰም ሞልታችሁ ትሞርዳላችሁ። ለ16 ሰው ግን አሰልቺ ነው።

ፈረሰኞቹ ደግሞ ይብሳሉ። አራት የእኛ ፈረሰኛ አለ፣ አጼ ምኒልክን ጨምሮ። ሁሉም እግራቸውን እስከ መሃሉ ሰፊ የአውሮፓ እርካብ ውስጥ ከተዋል። ሁለቱማ ጫማ አላቸው። የያኔው ፈረሰኛችን ባዶ እግሩን ነበር፣ እርካቡም ትንሽ ቀለበት ናት። አውራ ጣቱን ብቻ ያስገባባታል። ይህን የሚያውቅ ሰው የኢትዮጵያን ፈረሰኛ ከሩቅ ይለየዋል፣ የእግሩ አቀማመጥ ሌላ ነውና። እኔ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ነበረኝ። ቁራጭ ሽቦ በጉጠት አክብቤ ቀለበት ሠራሁ። ጫማውን ሞርጄ ጣት አወጣሁለት። ጣት መቅረጽ ከጥርስ መቅረጽ ይቀላል። ካላመናችሁ ሞክሩት።

ልብሱ ላይ ሌላ ጉድ አለ። ሸማው ጠርዝ ላይ መስቀልና አልማዝ መሳይ ጥለት ተቀርጾበታል፣ ዛሬ ሽሮ ሜዳ ለሠርግ የምንገዛው ዓይነት። ያኔ የትልቅ ሰው ሸማ ጃኖ ነው። ነጭ ሸማ፣ መሃሉ ላይ አንድ ሰፊ ቀይ ጥለት። ያ ብቻ። ሰፊ ቀይ መስመር በብሩሽ መሳብ ደግሞ ከመስቀል ጥለት በጣም ይቀላል። ማለትም እውነቱን ቢሠሩ ሥራውም ይቀልላቸው ነበር።

ስለ ሸማ ቀለም አንድ ምክር ልስጥ፣ የሙያዬ ስለሆነ። ነጭ በነጭ አትቀቡ። ያቺ ከቱቦ የምትወጣ ነጭ ቀለም ምስሉን የሆስፒታል ሠራተኛ ታስመስለዋለች። ጥርስ ስንሠራ የቀለም መለኪያ አለን፣ ኤ1፣ ኤ2 እያለ ይወርዳል። ኤ1 የወጣት ጥርስ ነው። ለመኳንንቱ ሸማ ኤ2 ተጠቀምኩ። ከሸዋ ድረስ በእግሩ ለመጣው ወታደር ኤ3፣ አንዳንዱንም ኤ4። ከአዲስ አበባ በጥቅምት ተነስቶ በየካቲት ዓድዋ ላይ የተዋጋ ሸማ ነጭ ሊሆን አይችልም።

ባንዲራውን ሳወጣ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ መሃሉ ላይ ሰማያዊ ክብና ኮከብ! ያ ዓርማ የመጣው በ1988 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ በ1888 ነበር። በመቶ ዓመት ብቻ ነው የሳቱት። ለአምራቹ ጻፍኩለት። ቶሎ መለሰልኝ፣ ደግ ሰው ነው፣ በሚቀጥለው ምርት እናስተካክላለን አለ። እስከዚያው በቀጭን ወረቀት ሦስት የተለያዩ ጨርቆች ሠርቼ ቀጥ ባለ ዘንግ ላይ ሰቀልኳቸው። ሦስቱ ቀለም በአንድ ላይ ተሰፍቶ የአገር ባንዲራ የሆነው ከዓድዋ በኋላ ነው።

ምኒልክን ዘውድ ጭነውበታል። እየጋለበ፣ ጎራዴ መዝዞ፣ ዘውዱ ራሱ ላይ። ንጉሡን በፎቶ የምናውቀው ራሱን በነጭ ሻሽ አስሮ ከላዩ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ ሲያደርግ ነው። ባርኔጣውን ከሰም ሠርቼ በአክሪሊክ ቀየርኩት። ወዲያው ሰውየው ራሱን መሰለ። ፊቱን ግን አልነካሁትም፣ በጣም ጥሩ ነው። ጺሙ፣ ጉንጩ፣ ትንሽ ሞላ ያለው ከንፈሩ። ቅርጽ አውጪው ፎቶውን አይቷል ማለት ነው። ታዲያ ባርኔጣውን እንዴት አላየውም?

እቴጌ ጣይቱን በተመለከተ ምን ልበል። ሽጉጥ አስይዘዋት እግሯን አንፈራጣ ቆማለች። የሲኒማ ፖስተር። የዘመኑ ዜና መዋዕል የሚነግረን ጣይቱ ሌላ ናት። ዓይነ ርግቧን ገልጣ፣ ጥቁር ጥላ አስይዛ፣ በእግሯ እየሄደች፣ ወደ ኋላ ያለውን ሰው አይዞህ እያለች ነበር። ይህ ከሽጉጡ አይበልጥም? ጥላ የያዘች ንግሥት በጥይት መሃል በእግሯ ስትሄድ! የራሷ ጦር ነበራት፣ የራሷ መድፈኛ ነበራት። መቀሌ ላይም፣ በጥር 1888፣ የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ለማስለቀቅ የውሃውን ምንጭ እንያዝ ያለችው እሷ ናት። ሽጉጥ ምን ያደርግላታል? ጥላውን ከሽቦና ከአልሙኒየም ፎይል ሠራሁላት። ያዥም ያስፈልጋል፣ ከቄሱ በስተቀር መሣሪያ ያልያዘ ሰው ግን በሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ከአንዱ ወታደር ጠመንጃ ወስጄ ጥላ አስያዝኩት።

ቄሱ መስቀል ይዟል፣ ቆንጆ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ወደ ዓድዋ መዝመቱ የታወቀ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ታቦት የለም። ይሄኛው ጉድለት አይደለም። እንኳን አልሠሩት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በመጋዝና በሰም የሚስተካከል ነው። ዋናውን ቅሬታ የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። የታችኛውን ጥርሳቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥርሱ እየሰበቀ አስቸግሯቸው ለማስተካከል በመጡ ቀን ምስሎቹ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ። ዝም ብለው ቆዩ።

«ጎበዝ ነህ» አሉኝ። «እነዚህ ሰዎች ግን ምን በልተው ነው የሚዋጉት?»

«እንዴት ጋሼ?»

«ስንቁስ? ሴቶቹስ? አህያው የት አለ? አንድም ሰው ስልቻ አልያዘም እኮ። እነዚህ ከአውቶቡስ ወርደው ነው?»

ከዚያ በኋላ ሳጥኑን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ትክክል ናቸው። የያኔ ጦር ቀለብ አከፋፋይ መሥሪያ ቤት አልነበረውም። ወታደሩ የሚዘምተው ከነቤቱ ነው። ሚስት አለች፣ ልጅ አለ፣ ዘመድ አለ፣ አገልጋይ አለ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ በስልቻ ተጭኗል። ምጣዱም፣ ገንቦውም አብሮ ይሄዳል። አጋሰሱ ከፈረሱ ይበዛል። መኳንንቱ ራሳቸው በጉዞ ላይ የሚቀመጡት በቅሎ ላይ ነው፣ ፈረሱ ለውጊያ ቀን ይጠበቃል። በሳጥኑ ውስጥ 5 ፈረስ አለ፣ አንድ በቅሎ የለም። ያን የተራራ መድፍ እንኳ ማን እንደተሸከመው አይታወቅም።

ይህ ደግሞ የጎን ወሬ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው ነገር ግማሹ የስንቅ ታሪክ ነው። አገሩ ከክፉ ቀን ገና ማገገሙ ነበር፣ በከብት በሽታ በሬው ካለቀ ብዙ አልቆየም። ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ጦር ትግራይ ላይ ሲሰፍር ያካባቢው እህል ቶሎ አለቀ። ምኒልክ ከዚያ በላይ መቆየት እየከበደው ነበር። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪም ያው ነው። ለወታደሩ የቀረው ቀለብ የጥቂት ቀን ነበር። እሱ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አስቦ ነበር፣ ግን ግፊቱ በዛበት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ከሮም የሚያንቋሽሽ ቴሌግራም ልኮበታል፣ በሥሩ ያሉት ጄኔራሎችም እንግጠም አሉት። ስለዚህ 17,000 የሚያልፍ ሰው ይዞ በሌሊት ወጣ። ቀድሞ የራበው ወገን ነው የተንቀሳቀሰው ማለት ይቻላል። ታዲያ የዓድዋን ጦር ያለ ስልቻ መሥራት ይቻላል?

ሴቶቹም እንደዚያው። በውጊያው ቀን ውሃ በእንስራና በገንቦ እየተሸከሙ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ያደረሱት እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ የካቲት ፀሐይ ላይ ማን ይቆማል? በሳጥኑ ውስጥ አንድ ሴት ብቻ አለች፣ እሷም ሽጉጥ ይዛ። አዝማሪ የለም፣ ነጋሪት የለም፣ እምቢልታ የለም። ፉከራ የሌለበት የሐበሻ ጦር ዝም ብሎ ሲሮጥ ይታያችሁ።

አምራቹን አልፈርድበትም ልል ነበር፣ ግን እፈርድበታለሁ። ቬተርሊን ከ1891 ሞዴል ለይቶ የሚያውቅ ሰው አንድ አህያ መጨመር አያቅተውም። ስለ ጠመንጃ የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል። ስለ ሰዎቹ አኗኗር ግን የጠየቀ አይመስልም። ይሄ የእሱ ብቻ ችግር አይደለም። ብሪተንስም በጣሊያን ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት ክቡር ዘበኛና የኢትዮጵያን ተዋጊዎች አውጥቶ ነበር፣ ከጣሊያን ወታደሮች ጋር ጎን ለጎን ለልጆች እንዲሸጥ። ያኔም ተዋጊ ብቻ ነው የሠሩት። አሻንጉሊት ወታደር የሚሠራ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጠመንጃ ላይ ነው።

ታዲያ እንዴት አደረግሁ? እንስራ የተሸከመች ሴት ያገኘሁት ከጎንደር ወጣ ብሎ ካለው ወለቃ ነው። ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ምስል የሚሠሩበት መንደር ነበር። እነሱ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ሥራው እዚያው አልቀረም፣ ዛሬም ሴቶች ይሠሩታል፣ መንገድ ዳር ይሸጣል። ምስሎቹ ጥቁር፣ ሻካራ፣ ያለ ዝርዝር ናቸው። ጣት የላቸውም፣ ዓይናቸው ጭረት ነው። ግን እንስራ የተሸከመችዋን ሴት ተመልከቷት። ወገቧ እንዴት እንደታጠፈ፣ ገመዱ ደረቷ ላይ እንዴት እንደያዘ፣ አንገቷ ወዴት እንደሄደ። የሠራችው ሴት ራሷ ተሸክማ ታውቃለች። ሬዚኑ ውስጥ ካሉት 40 ሰዎች አንዱም እንደ እሷ ክብደት አይሰማውም። የሸክላዎቹ ቁመት ከ54 ሚሊሜትር ስለሚበልጥ ከፊት አስቀመጥኳቸው፣ ዓይን ርቀቱን ያስተካክለዋል።

አህዮቹን መርካቶ ነው ያገኘሁት። የልጆች የእርሻ እንስሳት ተብሎ በላስቲክ ከረጢት የሚሸጥ አለ። ላሙ ግዙፍ፣ ዶሮው ከበጉ የሚተካከል፣ ልክ የሚባል ነገር አያውቅም። አህያው ግን በዕድል 54 ሚሊሜትር ካለው ሰው ጋር ይሄዳል። አራት ከረጢት ገዝቼ አህያውን አወጣሁ፣ የቀረውን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁ። ስልቻውን ከሰም፣ መጫኛውን ከጥርስ መጥረጊያ ክር ሠራሁ።

ስለ ዕቃው ጥራት ጥቂት ልጨምር። ሬዚኑ ጥሩ ነው፣ አይሰነጠቅም። የሕትመት መስመር የሚታየው ፈረሶቹ ሆድ ሥር ብቻ ነው። ከመቀባታችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ቅባት አለበት። ስትሞርዱ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ብናኙ ሳንባ አይወድም። ጦሮቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ሁለቱ ተሰብረው ነው የደረሱኝ፣ በሽቦ ቀየርኳቸው። መምሪያ ወረቀቱ በአምስት ቋንቋ ነው፣ አማርኛም ትግርኛም የለበትም። የሹማምንቱ ስም አጻጻፍ ያስቃል፣ ግን ማን ማን እንደሆነ ይገባችኋል። የእኛ ጦር በአብዛኛው ጦርና ጎራዴ ብቻ ይዞ ነበር የሚለውን አረፍተ ነገር ዝለሉት። ቅርጽ አውጪው ራሱ አልተቀበለውም። ለእኛ ሰዎች ሬሚንግተንም ውጅግራም የሚባሉ ጠመንጃዎች ቀላቅሎ አስይዟቸዋል፣ ዝናር አስታጥቋቸዋል። አንዱም ቬተርሊ ይዟል። ጣሊያን ራሷ ከምኒልክ ጋር ሳትጣላ ጠመንጃ ታቀርብለት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። ጽሑፉን የጻፈው ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ለመቀባት ማየት ለምትፈልጉ፣ አዲስ አበባ ካላችሁ ሦስት ቦታ ሂዱ። የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም የነገሥታት ልብስና የጦር ዕቃ አለው። ብሔራዊ ሙዚየምም እንዲሁ። ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ቅርብ ነው፣ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው። ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ በር ላይ ጠይቁ። ካልተፈቀደ እርሳስና ወረቀት ያዙ። ጋሻው ላይ ያለውን የብር ጌጥ በትኩረት እዩት፣ ከሳጥኑ ጋር የመጣው ጋሻ ልሙጥ ነው።

አምራቹ አስካሪዎቹንና ጣሊያኖቹን ለብቻ በ70 ዩሮ ይሸጣል። እንደኔ እነሱን ግዙ፣ ከዚያ ላይ ከእኛ ሰዎች አምስት ስድስቱን በነጠላ እዘዙ። ሻሽ ያሰሩትን ምረጡ፣ ጎፈር ያለው አንድ ይበቃችኋል። ሆችኪሱን አትርሱ። ጣይቱን ለብቻ አይሸጧትም፣ ለእሷ ስትሉ ሙሉ ሳጥን ከምትገዙ ከሰም ብትቀርጿት ይሻላል። ለስልቻውና ለመጫኛው ሽቦ፣ ሰምና የጥርስ ክር ከየትኛውም የጥርስ ላብራቶሪ ብትጠይቁ ቁርጥራጭ አያጡላችሁም። እኔ ጋ ከመጣችሁ ደግሞ ኤ3 ቀለሙን በነጻ እበጠብጥላችኋለሁ።